የርክክብ ደብተር እንግሊዝኛ

መስከረም 18 ቀን

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፣

ይህች ወረቀት እጅሽ ስትገባ ጉልበትሽ ሳይዝል፣ ፊትሽ ሳይጠቁር፣ ከክፉ ዓይንና ከክፉ አለቃ ተጠብቀሽ ታግኝሽ። እኔ አጎትሽ ከጉልበቴ ቁርጥማት በቀር ደህና ነኝ። እናትሽም ደህና ናት። ጆሮዋ እንደምታውቂው ነው። በስልክ ስታናግሪያት «ማነው? ማነው?» እያለች ግድግዳው ላይ ስለምትጮኽ፣ በደብዳቤ መጠያየቁ ለሁላችንም ይሻላል።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቤት ተቀምጬ ዝንብ እሽ ከምል ብዬ የእንግሊዝኛ ትምህርት ከፍቻለሁ። ሳሎኑን አጽድቼ ሁለት አግዳሚ ወንበርና አንድ ጥቁር ሰሌዳ አስገባሁ። ከሰዓት በኋላ አሥራ ሁለት ተማሪ ይመጣል። ሁለቱ የባንክ ጸሐፊዎች፣ አንዷ መድኃኒት ቤት ሻጭ፣ የቀሩት ውጭ ለመሄድ ያሰፈሰፉ ናቸው። ሰዋስዉን እንደ ውሃ ይጠጡታል፤ የሚያንቃቸው ፈሊጡ ነው። የኔ መጽሐፍ አርባ ዓመት አልፎታል፤ እዚያ ውስጥ ያለውን ፈሊጥ ይናገር የነበረው ሰው ሁሉ ሞቷል። አንቺ ግን ከቋንቋው ባለቤቶች መሃል ነው የምትውዪው። በየደብዳቤሽ ሦስት አራት ፈሊጥ ከነትርጉሙ፣ ሰዉ በየዕለቱ እንዴት እንደሚናገረው እየጻፍሽ ላኪልኝ።

እናትሽ እታለም ሳሎኑን ለትምህርቱ ስትለቅ ራሷ ፈቅዳ ወደ ኋላኛው ክፍል ተዛውራለች። ጸጥታ ስለምትወድ ተመችቷታል።

አጎትሽ


ጥቅምት 22 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጋሼ፣ ሰላምታዬ ከደጃፍዎ ይድረስ። ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎት፤ ለሰሌዳው የሚሆን ድምፅም ይጨምርልዎት።

እናቴ ጸጥታ ስለምትወድ ኋላ ክፍል ገባች ያሉትን አንብቤ ብቻዬን ሳቅኩ። መስማት ያቃታት ሴት ጸጥታ ፍለጋ የት ትሄዳለች? ያ ክፍል እኮ አሮጌ ወንበርና ባዶ ጆንያ ሲከማችበት የኖረ ነው። መስኮቱ የሚያየው የጎረቤት ግድግዳ ነው። ስሄድ አውቶቡሱ ጋ ቆመው «እህቴን ለኔ ተዪያት፣ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምጠብቃት» ብለውኝ ነበር። ያንን ይዤ ነው እዚህ እንቅልፍ የሚወስደኝ። እንግዲህ ሲበርድ ይመልሷታል ብዬ ልለፈው።

ስለ ፈሊጡ ግን ጉድ ልንገርዎት። እኔ እንግሊዝኛ የተማርኩት ከሰው አፍ አይደለም፣ ከደብተር ነው። የምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ፈረቃ ሲለወጥ የሚወጣው ለሚገባው የሚያስረክብበት ወፍራም ደብተር አለ። ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ መስመር ይጻፋል። በመጀመሪያ ቀኔ ኃላፊዋ ጠርታ «እዚህ ላይ አስቀያሚ ቃል አይጻፍም፣ ቤተሰብ ሊያነበው ይችላል» አለችኝ። ስለዚህ ሁሉም በፈሊጥ ይጻፋል። እኔ መዝገበ ቃላት አልነበረኝም። መስመሩን አነባለሁ፣ ከዚያ በሩን ከፍቼ ትርጉሙን አያለሁ። እስከ ዛሬ የተማርኩት በሙሉ እንዲህ ነው።

«አንደር ዘ ዌዘር» የሚሉት አላቸው። ቃል በቃል ከአየሩ በታች ነው፤ ሰዎቹ የሚሉት ግን ትንሽ አሞታል፣ ሰውነቱ አልተመቸውም ለማለት ነው። ደብተሩ ላይ የአራት ቁጥሯ ሴትዮ ትንሽ አንደር ዘ ዌዘር ናት ይላል። በሩን ስከፍት ሴትዮዋ ከማለዳ ጀምሮ ሽንቷ ውስጥ ተኝታለች። አንሶላው ገላዋ ላይ ደርቆ ስስበው ቆዳዋ አብሮ መጣ። ሽታው አፍንጫ ብቻ አይደለም የሚገባው፣ ምላስ ላይ ይቀመጣል።

«ኤ ሃንድፉል» ደግሞ እፍኝ ሙሉ ማለት ነው። አስቸጋሪ፣ ሰው የሚያደክም፤ አብዛኛውን ጊዜ ለልጅ ነው የሚባለው። ደብተሩ ላይ ግን የተባለው የዘጠኝ ቁጥሩ ሽማግሌ ነው፣ የድሮ ባቡር ነጂ። ጥፋቱ ሽንት ቤት ውሰዱኝ እያለ ደወሉን መጫኑ ነው። በሩን ስከፍት ደወሉን እጁ ከማይደርስበት ምስማር ላይ ሰቅለውታል፤ እሱም አፍሮ ፊቱን ወደ ትራሱ አዙሯል።

«ፋይንዲንግ ሂዝ ፊት» ካሉ እግሩን እያገኘ ነው፣ አዲሱን ቦታ እየለመደ ነው ማለት ነው። ለዚህኛው በር መክፈት እንኳ አላስፈለገኝም። ሰውየው ጫማውን አስሮ፣ ሻንጣውን ታቅፎ መውጫው ፊት ለፊት ቆሟል። ከመጣ ሦስተኛ ቀኑ ነበር።

አቤት ማስጠላቱ፣ ጋሼ! ሽንቱ አይደለም ያስጠላኝ፣ ሽንት ይታጠባል። ያስጠላኝ ከላዩ ላይ የሚጻፈው ቆንጆ ጽሕፈት ነው።

እናቴ ምን ትበላለች? ማን ያጥባታል? ይጻፉልኝ። ጉንጯን ይሳሙልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 30 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ባለሽበት ሁሉ ቸር ወሬሽን ያሰማን፤ የምትረግጪው መሬት ይለስልስልሽ።

ደብዳቤሽ ምሳ ሰዓት ደረሰኝና፣ ሞኝ ነኝ፣ እየበላሁ ከፈትኩት። ምን ልበልሽ፣ ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። ይህ እህል አጠገብ የሚነበብ ነገር ነው? ሆዴ ቀላል መሆኑን ታውቂያለሽ። እኔ የሰው ንፍጥ ያየሁ እንደሆነ ቀኑን ሙሉ እህል አልቀምስም። ሰው ሁሉ እንደ ተፈጥሮው ነው።

ፈሊጦቹ ግን ወርቅ ናቸው! አገባባቸውን ብቻ አስተካክዬ ለክፍሉ ሰጠሁ። «አስተማሪያችን ዛሬ ትንሽ አንደር ዘ ዌዘር ስለሆኑ ትምህርት የለም።» «ይህ ሕፃን ኤ ሃንድፉል ነው፣ ግን ደስ ይላል።» እንዲህ ንጹሕ ንጹሑን። ተማሪው ሃያ ደርሷል። አንደኛው የባንክ ጸሐፊ በመሥሪያ ቤቱ ማባዣ አባዝቶልኝ፣ አረንጓዴ ሽፋን ለብሶ ትንሽ መጽሐፍ ወጥቶታል። ሽፋኑ ላይ የኔ ስም አለ። አንቺንም አልረሳሁም፤ ምስጋናው ላይ «ውጭ አገር የሚገኙ አንድ ወዳጅ» ብያለሁ። ስለዚህ ጨምሪልኝ፣ ግን እባክሽ አንሶላውንና ቆዳውን ተዪልኝ።

እታለም ደህና ናት። ያው በዕድሜዋ ጥሩ ቀንም ክፉ ቀንም አላት።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። እናንተ ጋ ሽታ የሚያጠፋ፣ የሚረጭ ቆርቆሮ አለ አሉ። የአበባ ሽታ ያለውን ሁለት ሦስት ብትልኪልኝ። ቤቱ አሮጌ ነውና ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲመታው ይታፈናል። ተማሪ ፊት ያሳፍራል።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 26 ቀን

ለአጎቴ፣

ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን፣ ለቤቱም፣ በተለይ ለኋላኛው ክፍል።

ያልጠየቅኩት ሁሉ ተጽፎ መጣልኝ፤ የጠየቅኩት ግን የለም። ማን ያጥባታል ብዬ ነበር፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ቤቱ ይሸታል አሉኝ። የትኛው ቤት? እናቴ እኮ ደጃፉን በቀን ሁለቴ የምታጥብ፣ እንግዳ ከወንበር ሲነሳ ጨርቅ ይዛ የምትከተል ሴት ናት። ስንቱ ሰው «ገና ሳልወጣ ልትጠርጊኝ ነው?» እያለ ተቀይሟታል። ያንን ቤት ፀሐይ ስልሳ ዓመት ሲመታው አንድ ቀን ሸቶ አያውቅም።

ቆርቆሮውን አልላክሁም። እኛ ጋ በየኮሪደሩ አለ፤ ጎብኚ ሊመጣ ሲል ይረጫል። ሽንቱን አያጠፋውም፣ አበባ ያለበት ሽንት ያደርገዋል። አሁን እኔ መንገድ ላይ አበባ ሻጭ ሳይ ያቅለሸልሸኛል። የላክሁት ውሃ የማያስገባ የፍራሽ ልብስ፣ የቆዳ ቅባትና ስድስት ፎጣ ነው። ለማን እንደሆነ ያውቃሉ።

ፈሊጥ አሉኝ፣ ይኸው ፈሊጥ። «ኦፍ ሃር ፉድ» ማለት ምግብ አላሰኛትም፣ እህል ቀንሳለች ነው። የስድስት ቁጥሯን በር ስከፍት ትሪው መስኮቱ ጋ ነው፣ ሴትዮዋ አልጋው ላይ። መሃላቸው አራት እርምጃ አለ፤ ከወደቀች ወዲህ አንድም አትራመድም። ሾርባው ላይ ስቡ ነጭ ሆኖ ረግቷል። ትሪው እንዳለ ይመለሳል፣ ደብተሩ ላይ ኦፍ ሃር ፉድ ተብሎ ይጻፋል፤ ሳምንት ሙሉ እንዲሁ ተጻፈ። ኃላፊዋን ሄጄ ብነግራት «አንቺ ጎበዝ ሠራተኛ ነሽ፣ ግን ነገር ታከብጃለሽ» አለችኝ። ትሪውን ያስቀመጠችው እሷው ራሷ ነበረች። መልኳን ማየት አስጠላኝ።

እናቴ መጻፍ ታውቃለች። በገዛ እጇ ሁለት መስመር ትጻፍልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም፤ እባክዎን ጋሼ።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 29 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ቀኑን ሁሉ የብርሃን ያድርግልሽ። መልሴ የዘገየው በፈተና ምክንያት ነው። ሃያ ስምንት ተማሪ ማረም ቀላል አይምሰልሽ።

እቃው ደርሷል፣ እናመሰግናለን። እታለም በእጇ እንድትጽፍ ያልሽው ለጊዜው አልተቻለም፤ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ማስጨነቁ ደግሞ ደግ አይደለም። እንድታርፊ ብዬ እኔው ሁኔታዋን በአጭሩ እገልጽልሻለሁ፤ አስተማሪዬ አንቺ ነሽና ባማረ ቋንቋ ልጻፈው። እናትሽ ሰሞኑን ትንሽ አንደር ዘ ዌዘር ናት። ኦፍ ሃር ፉድም ሆናለች። ይሁን እንጂ በጠቅላላው ምቾቷ የተጠበቀ ነው። አየሽ፣ ከነአገባቡ ነው!

ያቺ የሚረጭ ቆርቆሮ ካልተገኘች አትጨነቂ፤ እዚሁ አንድ ነገር አግኝቻለሁ። ይልቅስ መሥሪያ ቤታችሁ ለአንድ ጊዜ ተደርጎ የሚጣል ጓንት ይኖራል። ትልቁን ቁጥር አንድ ሳጥን ብትልኪ። አፍና አፍንጫ የሚሸፍነውም ካለ መልካም ነው።

አጎትሽ


መጋቢት 15 ቀን

ለእናቴ ወንድም፣

ሰላምታ የለኝም። ደብዳቤህ ዛሬ ደረሰኝ፣ ዛሬውኑ እጽፍልሃለሁ።

አንተ ብዬሃለሁ፤ ከፈለግክ ተቀየም። እኔ በዕድሜዬ ብዙ ቆሻሻ አይቻለሁ። በባዶ እጄ ጠርጌያለሁ፣ ልብሴ ላይ ተደፍቶብኝ ቀኑን ሙሉ ውዬበታለሁ። እንዳንተ ደብዳቤ ግን ያጥወለወለኝ የለም። እናቴን በደብተር ቋንቋ ጻፍክልኝ? ለእኔ? በየመስመሩ ጀርባ ምን እንዳለ በሩን እየከፈትኩ ያሳየሁህ እኔ ነኝ እኮ። አንተ በሩን ዘግተህ መስመሯን ብቻ ወሰድክ። እንዴት ያለ ሰው ነህ? አይቀፍህም?

መጀመሪያ ቆርቆሮ አልከኝ፣ ቀጥሎ ጓንት፣ ቀጥሎ የአፍንጫ መሸፈኛ። የእናቴን ሁኔታ ከዚያ በላይ ማን ይነግረኛል? አንደር ዘ ዌዘር ያልከኝ እርጥብ ናት። ኦፍ ሃር ፉድ ያልከኝ ምግቧ አይደርሳትም። ምቾቷ የተጠበቀ ነው ያልከው ደግሞ እኛ ጋ ሊሞት ለተቃረበ ሰው የሚጻፍ ነው።

ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋ ዛሬ ለብቻዋ ጽፌያለሁ። መጥታ በሩን ትከፍታለች። እንዳትከለክላት። እኔ ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ ከአርባ ቀን በኋላ እዚያ ነኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርህ፣ ከኔ ሌላ የሚያውቀው የለም። እኔም ጽፌያለሁ። ሥራ በጀመርኩ በአራተኛው ወር የአራት ቁጥሯ ሴትዮ እጄን ይዛ «ጥቂት ተቀመጪ» አለችኝ። አሥራ አንድ ክፍል ይጠብቀኝ ነበር። ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቅቄ፣ ሳላጥባት በሩን ዘጋሁ። ደብተሩ ላይ «ራይት አዝ ሬይን» ብዬ ጻፍኩ፤ ፍጹም ደህና ናት ማለት ነው። በማግስቱ ልጇ መጥቶ አነበበና በሁለት እጁ ጨብጦ አመሰገነኝ። ያንን እጄን እስከ ክርኔ ድረስ ብፈትገው አልጠራ አለኝ። ጽሕፈትህን ያወቅኩት የኔም ስለሆነ ነው። ልዩነታችን እኔ ሴትዮዋ ጋ ተመልሼ ገብቻለሁ፤ አንተ አልገባህም።

ጓንቱን ልኬልሃለሁ፣ አራት ሳጥን። እናቴን በጓንት መንካት ነውር አይደለም፤ ነውሩ አለመንካት ነው። በየሁለት ሰዓቱ በጎኗ አገላብጣት። ለብ ባለ ውሃ እጠባት፣ አድርቃት፣ ቅባቱን ቀባት። ሳህኑን አስቀምጠህ አትውጣ፤ ተቀምጠህ በእጅህ አጉርሳት። ካስታወከህ ውጣና አስታውክ፣ ተመልሰህ ግባ።


ሚያዝያ 12 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ቡራኬ ለመጻፍ አፍ የለኝም፤ ስለዚህ የሆነውን ልንገርሽ።

ልብስ ሰፊዋ ማክሰኞ ትምህርት ላይ ሳለን መጣች። ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ በተማሪዎቹ መሃል ሰንጥቃ አለፈችና የኋላውን በር በረገደችው። ሽታው ሳሎን ገባ። ሃያ ስምንቱም አፍንጫቸውን ሸፈኑ፣ በምን መሰለሽ፣ በኔ አረንጓዴ መጽሐፍ። ሴትዮዋ ውስጥ ትንሽ ቆይታ ወጣችና ሰው ሁሉ እየሰማ «አስተማሪ፣ ይኼ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?» አለችኝ። ተማሪው አንድ በአንድ ወጣ። ማንም ደህና ዋል አላለኝም።

እውነቱ ይኼ ነው። በሳምንት ሁለቴ የምታጥባት ሴት ነበረች፤ በኅዳር ሥራውን ተወችው። ሌላ ልፈልግ እያልኩ ዛሬ ነገ ስል፣ አንድ ቀን ገብቼ አየሁና ወጥቼ አስታወክሁ። ከዚያ ወዲህ ደፉን አላለፍኩም። ሳህኑንና ውሃውን መሬት አስቀምጬ በመጥረጊያ እንጨት አልጋዋ ድረስ እገፋዋለሁ። በዚያው እንጨት መልሼ ስስበው የተረፈውን ልብ ብዬ አላየውም። የላክሽው የፍራሽ ልብስ ከነላስቲኩ ተቀምጧል። ቋንቋሽን ስትልኪልኝ ደስ ያለኝ ለተማሪዎቹ ብቻ አልነበረም። ለካ ይህን ነገር ሰው ፊት ሳያፍሩ መናገሪያ መንገድ አለ ብዬ ነበር። በሰሌዳው ላይ በጻፍኩት ቁጥር የኋላው ክፍል የቀለለ ይመስለኝ ነበር። ራሴን ተጸየፍኩት።

የዚያኑ ቀን ከልብስ ሰፊዋ ጋር ገባሁ። ሁለት ጊዜ ግቢ ወጥቼ አስታወክሁና ተመለስኩ። ጀርባዋ ላይ መዳፌን የሚያህል ቁስል አለ። ሐኪም መጥቶ አይቶታል፤ ያጠግጋል ብሏል፣ ግን ጊዜ ይፈልጋል። አሁን ሳሎን ነው የተኛችው። ሰሌዳውን አውጥቼዋለሁ። ጠዋት ጠዋት የማጥባት እኔ ነኝ። ዛሬም ይቀፈኛል፣ አልዋሽሽም፤ ግን አጥባታለሁ።

አልጋዋን ስናነሳ ሥሩ ዳቦ አገኘን። በጨርቅ በጨርቅ የተቋጠረ፣ የደረቀ፣ የሻገተ፣ የስንት ሳምንት። ውሃውንም አልጋዋ አጠገብ ባለው መስኮት ስትደፋው ኖራለች፤ የጎረቤት ግድግዳ እዚያ ጋ አረንጓዴ ሻጋታ አብቅሏል። አንቺ ምግቧ አይደርሳትም ብለሽ ነበር። ይደርሳት ነበር። አንዱን ቋጠሮ ከፍቼ አሳየኋትና ለምን ብዬ በእጄ ጠየቅኋት።

«አንተ ከልጅነትህ ትጸየፋለህ» አለችኝ። «የበላሁት ይወጣል፣ የጠጣሁት ይወጣል። ካልበላሁ አልሸትም። ካልሸተትኩ አንተም ትገባለህ ብዬ ነው።» ከዚያ እጄን መታ መታ አድርጋ፣ ዘዴዋ እንደተሳካላት ሰው ፈገግ አለችና «ይኸው፣ ገባህ» አለችኝ።

ሾርባው ሞቋል፣ ላጉርሳት። ቶሎ ነይ።

የእናትሽ ወንድም